አጥር ላይ የተሰጣ ቁርበት

ይመኙሻል ከውሻ በቀር የምፈራው ነገር የለም እያለች ነው የኖረችው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሆነች አሥራ አራት ዓመት ሞላት። ሦስት ጊዜ ተነክሳለች፤ ሦስቱም በመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ሰው እሷን ከሩቅ ባየ ቁጥር ውሻውን በሚፈታበት ጊዜ። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ዓመት ሠልጥና፣ ከደብረ ኤልያስ መንገድ ወደ ገደሉ ገባ ብላ ወደምትገኘው የትውልድ ቀበሌዋ ቦርሳና ጃንጥላ ይዛ ስትመለስ፣ ያገሩ ሰው «የሽንት ቤት ሹም» የሚል ስም አወጣላት። ጉድጓድ ቆፍሩ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልጃችሁን አስከትቡ ስትል የሚሰማት አልነበረም። አንድ ሽማግሌማ «አባቴ ሜዳ እየወጡ ነው ሰማንያ ዓመት የኖሩት» ብለው ከደጃፋቸው አባረዋታል።

እሷ ግን ችክ ያለች ሴት ናት። የሽማግሌውን ጉድጓድ ራሷ ቆፍራ ጀመረችው፤ እሳቸውም አፍረው ጨረሱት። ኩፍኝ በገባበት ዓመት ያስከተቧቸው ልጆች ተረፉላቸውና ሰው አመናት። ባል አግብታ ፈታለች፣ ልጅ አልወለደችም። ታናሽ እኅቷን ታየችን ግን ያሳደገቻት እሷ ናት ማለት ይቻላል፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጣታለች፣ ደብተሯን የገዛችላት፣ ለትምህርት ቤት ጸጉሯን እየጎነጎነች የሸኘቻት እሷ ናት። ሰው ስለ ታየች ሲጠይቃት «ልጄ ናት» ትላለች፤ ለቀልድ አይደለም።

ከስድስት ዓመት በፊት ቀበሌዋ በቤት ውስጥ ወሊድ የሌለባት ተብላ ተመረቀች። ከጤና ኬላው በታች፣ መንገዱ ዳር፣ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ታፔላ ቆመ። በሬ ታረደ፣ እልል ተባለ፣ ለይመኙሻል የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ያኔ ታፔላው ውሸት አልነበረበትም። ስልክ ሲደወል አምቡላንስ ይመጣ ነበር፤ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ያለው የእናቶች ማቆያ ደግሞ አጥሚት እየጠጡ ቀናቸውን በሚጠብቁ ሴቶች ይሞላ ነበር። እንግዲህ ይህ ሁሉ ባለበት ቤቷ የምትወልድ ሴት ምን ሰበብ አላት ተባለና የመተዳደሪያ ደንብ ወጣ። ቤቷ የወለደች፣ ያዋለደች፣ አይቶ የደበቀ ጎረቤት ይቀጣል፤ ማዳበሪያ ሲታደልም ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። ደንቡን በቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ለሕዝቡ ያነበበችው ይመኙሻል ናት። ድምፅዋ ጥሩ ነው፤ ተጨበጨበላት።

ከዚያ ጸጥታው ደፈረሰና መንገዱ ተዘጋ። ይከፈታል ተባለ፣ ጥቂት ቀን ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። አምቡላንሱ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ፤ በማቆያው ውስጥም አጥሚት ቀረ። ታፔላው ግን እንደቆመ ነው። ደንቡም አልተነሣም። ይመኙሻል በየወሩ መጨረሻ «በቤት ውስጥ የወለዱ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ዜሮ ትጽፋለች። ሴቶቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግራቸው ወይም በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ደርሰው ነው የሚወልዱት ብላ ታምናለች፤ ማመን ደግሞ ደስ ይላል። ድሮ ለጤና ኬላዋ ከወሊድ በኋላ ደም የሚያቆም ክኒን ይሰጣት ነበር። በኋላ «እናንተ ጋ ቤቷ የምትወልድ የለች፣ ምን ያደርግላችኋል?» ተብሎ ቀረ። ያን ጊዜ እንዲያውም ኮርታ ነበር።

ያ ቀን ኅዳር ውስጥ ነበር፣ ረቡዕ። ጤፍ ደርሶ አገሩ ሁሉ ማሳ ላይ ነው። ይመኙሻል ከታችኛው ጎጥ ሕፃናት ከትባ የክትባቱን ሳጥን በትከሻዋ አንግታ ስትመለስ፣ መንገድ ለማሳጠር በእናቷ ቤት ጓሮ በኩል አለፈች። እናቷን ያለምዘውድን ካየቻቸው አሥር ቀን ሆኗታል። ያኔ ስለ ታየች ጠይቃቸው ነበር። ታየች ወደ ደብረ ኤልያስ አቅጣጫ ሌላ ቀበሌ ነው የተዳረችው፤ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳልና ጥቅምት ላይ ሆዷን ይዛ ወደ እናቷ መጥታ ነበር። ያለምዘውድ ግን «ባሏ መጥቶ ወሰዳት፣ በዚያው ማቆያ ያስገባታል» አሏት። ይመኙሻልም በመዝገቧ ላይ «ወደ ባሏ ተመልሳለች» ብላ ጻፈች። በታየች ባል ቀበሌ ያለችው የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ «እናቷ ዘንድ ሄዳለች» ብላ ጽፋ ተቀምጣለች። ሁለቱም መዝገቦች ንጹሕ ናቸው፤ ታየች ከሁለቱም ውስጥ የለችም።

ከጓሮው አጥር ላይ የመኝታ ቁርበት ተሰጥቷል።

ይመኙሻል ቆመች። ቁርበቱ ታጥቧል። ከታችኛው ጫፉ ውሃ ይንጠባጠባል፤ የሚንጠባጠበውም ውሃ ብቻ አይደለም፣ ሥሩ ያለው ደረቅ ሣር ቀልቷል። አጨዳ በደረሰበት ሰሞን፣ በሳምንቱ መካከል፣ ማን የመኝታ ቁርበት ያጥባል? የክትባት ሳጥኑ ከትከሻዋ ሲንሸራተት አልታወቃትም።

እንዲህ ያለ ቁርበት ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አይታለች። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነው፣ በአንተነህ ጓሮ። አንተነህ የቀበሌው የቃሬዛ ማኅበር ጥሩምባ ነፊ ነው፤ በሽተኛ ሲኖር ነፍቶ ተሸካሚ የሚጠራው እሱ ነው። ያን ቀን ይመኙሻል ቁርበቱን አየች፣ ቸኩላ ነበር፣ አለፈች። ከሰዓት በኋላ የአንተነህ ሚስት የብርጓል፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር፣ በድንገተኛ ቁርጠት ከነፅንሷ ሞተች ተባለ። ይመኙሻል ለቅሶ ደረሰች፣ አልቅሳ ተመለሰች፣ መዝገቧ ላይም እንደተባለው «ድንገተኛ ሕመም» ብላ ጻፈች። ስለ ቁርበቱ ለማንም አልተናገረችም። ለራሷም ቢሆን አንሥታው አታውቅም።

አሁን ሮጠች። በሩ በቀትር ተዘግቷል።

«እማ!»

ውሻው ከታሰረበት ሆኖ ጭራውን እየቆላ ያላዝናል።

«እማ፣ እኔ ነኝ!»

«ራሴን አሞኝ ጋደም ብያለሁ» አሉ ያለምዘውድ ከውስጥ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም። «ሂጅ ልጄ፣ ነገ ነይ።»

ይመኙሻል ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ከውስጥ የሆነች ትንሽ ድምፅ እኝ አለችና ወዲያው ጨርቅ የተደረገባት ያህል ታፈነች። በሺህ የሚቆጠር ጨቅላ በእጇ ያለፈች ሴት ይህን ድምፅ አትስተውም።

«እማ፣ ክፈችው!»

«ባባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ፣ ሂጅልኝ!»

በትከሻዋ ገፋችው። ሁለተኛ ስትገፋው መቀርቀሪያው ከውስጥ ተነሣ።

ታየች መሬት ላይ፣ አሮጌ ጋቢ ላይ ተኝታለች። ፊቷ አመድ ሆኗል፤ ከንፈሯ ከፊቷ አይለይም። ካጠገቧ የልምድ አዋላጅዋ ወለተ ሰንበት ተንበርክከው እጃቸውን ሆዷ ላይ አድርገዋል። ሕፃኗ በነጠላ ተጠቅልላ የያለምዘውድ ደረት ላይ ናት። ሴት ናት። የተወለደችው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ የእንግዴ ልጁ ግን እስካሁን አልወረደም፣ ደሙም አልቆመም። ቁርበቱ ደም ቢጠግብ ከሥሯ ስበው አወጡትና ጋቢውን አነጠፉላት። ለሴት ልጅ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ ለዚህች አንድም አልተባለላት። ጎረቤት እንዳይሰማ ሦስቱም ሴቶች አፋቸውን ይዘው ነው የተቀበሏት።

ታየች ዓይኗን ከፈተች። እኅቷን ስታይ ደስ አላላትም፤ ፈራች።

«እታለም» አለች በቀጭን ድምፅ። «አትጻፊን።»

ያለምዘውድ ማልቀስ ጀመሩ። «ያንችን ስም ላለማጥፋት ብለን እኮ ነው! መኪና የለ፣ መንገዱ ያስፈራል፣ በእግሯ እንዳትሄድ ቀኗ ደርሷል። እቤት ትውለድ ስል ደግሞ ታፔላው በገዛ እናቷ ቤት ወደቀ ይሉሻል ብየ። ልደብቃት፣ ትውለድ፣ ስትድን ጤና ጣቢያ ወለድሁ ትበል አልሁ። ሁሉም እንዲያ ያደርግ የለም?»

«ሁሉም ማን ነው?» አለች ይመኙሻል። እናቷ የሕፃኗን ነጠላ ማስተካከል ያዙ።

«እኔስ እጄን አላነሣም ብየ ነበር» አሉ ወለተ ሰንበት ቀና ሳይሉ። «አንች ነሽ በሕዝብ ፊት እንዳላዋልድ ያስማልሽኝ። እናትሽ ቤቴ ድረስ መጥታ ለምናኝ፣ ሴት ልጅ ስታምጥ እንዴት ልተዋት?»

«አላጠፉም እትዬ። እትብቱን ጎትተዋል?»

«ኧረ አልነካሁትም።»

ይመኙሻል ተንበረከከች። የተማረችው ሁሉ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው መጣላት፤ ሽንቷን እንድትሸና ረዳቻት፣ ሕፃኗን ጡት አስያዘቻት፣ ማሕፀኗን ከላይ በእጇ ታሽ ጀመር። ልስልስ ብሎ ነበር፤ ስታሸው ጠንከር ይላል፣ እጇን ስታነሣ መልሶ ይላላል። የእኅቷን የደም ትርታ ዳሰሰች። ፈጣንና ቀጭን ነው፣ አንዳንዴ ከጣቷ ሥር ይጠፋባታል። ቦርሳዋን ዘርግፋ ፈለገች። የሕፃናት ክንድ መለኪያ፣ የተቅማጥ ንጥረ ነገር፣ እስክሪቢቶ፣ መዝገብ። ክኒኑ የለም። ስድስት ዓመት ዜሮ ስትጽፍ ኖራ ዜሮ መጣላት።

«ቃሬዛ ያስፈልጋል» አለች።

«ጥሩምባው አንተነህ ዘንድ ነው፣ ከወንዙ ማዶ» አሉ ያለምዘውድ። «ደግሞስ ከተነፋ አገር ይሰማል።»

«ይስማ!»

ግን አንተነህ ቤት እስኪደረስ፣ እሱም ከማሳ እስኪጠራ ድረስ ታየች ትቆያለች ወይ? ይመኙሻል የወለተ ሰንበትን እጅ ይዛ ማሕፀኑ ላይ አስቀመጠችው፤ «እንዲህ አድርገው ይሹልኝ፣ እንዳያቋርጡ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ደጅ ወጣች። ከበታች ያለው ሜዳ በአጫጆች ተሞልቷል፤ ከዚህ ሆና ብትጮኽ ጩኸቱን ነፋስ ይወስደዋል፣ የሰማም የልጆች ጠብ ነው ይላል። ያገሩ ጆሮ አጨዳ ላይም ሆኖ የማይስተው አንድ ድምፅ አለ።

እልል አለች።

በሠርግ እልል ብላ ታውቃለች፣ በጥምቀት ታቦት ሲወጣ እልል ብላለች፣ ያን ታፔላ ሲተክሉም ከሁሉ አስበልጣ እልል ያለችው እሷ ናት። እንዲህ እየተንቀጠቀጠች ግን እልል ብላ አታውቅም። ምላሷ ደርቆ የመጀመሪያው ተቆራረጠባት። ሁለተኛውን ከሆዷ አወጣችው። ሦስተኛውን ስትጨርስ እንባዋ አፏ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አጫጆቹ ቀና አሉ። ሦስት ጊዜ እልልታ፣ ሴት ልጅ ተወልዳለች፣ እናቷም ጤና ጣቢያ ሳትሆን ያለምዘውድ ቤት ናት ማለት ነው። ደንቡን ያነበበችው ሴት ናት ከደጅ ቆማ እልል የምትለው። ሁሉም ማጭዱን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆሞ አያት፤ አንድም የተንቀሳቀሰ የለም። ሰምቶ የደበቀ ይቀጣል፣ ሰምቶ የመጣ ደግሞ ምን እንደሚሆን ደንቡ አይናገርም። ይመኙሻል ያን ጊዜ የተሰማት ዓይነት ፍርሃት ከዚያ በፊት በሕይወቷ ተሰምቷት አያውቅም። እነዚህን ሰዎች እንዲህ መፍራትን ያስተማረቻቸው እሷ ናት።

«ታየች ልትሞትብኝ ነው!» ብላ ጮኸች። «ድረሱልኝ!»

ከመካከላቸው አንዱ ማጭዱን ጣለና ሮጠ፤ ወደ እሷ ግን አይደለም፣ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ወንዙ ነው። አንተነህ ነበር። ሸሸ፣ አለች በልቧ፣ ጥሩምባ ነፊው ሸሸ። ቤት ተመልሳ ገባች፣ የእኅቷን እጅ ያዘች፤ «ታየች፣ አናግሪኝ፣ ዓይንሽን አትክደኚ» ትላለች፤ ታየችም «በረደኝ» ብቻ ትላለች።

ከዚያ ከማዶ ጥሩምባው ተነፋ። ረጅም ነው፣ እየተቆራረጠ ደጋግሞ ይነፋል፤ ነፊው እየሮጠ ነው የሚነፋው። ይኼኔ ሜዳው ሁሉ ተነቃነቀ።

ስምንት ሰው እየተፈራረቀ ተሸከማት። ያለምዘውድ ሕፃኗን አቅፈው ከኋላ ይከተላሉ። ይመኙሻል ከቃሬዛው ጎን እየሮጠች አንድ እጇን ከጋቢው ሥር ከታየች ሆድ ላይ አላነሣችም። ዳገቱ ላይ ተሸካሚ ሲቀያየር ቃሬዛው ይቆማል፤ ሲቆም ደሙ በገመዱ መሐል ጠብ ጠብ ይላል፤ ጠብታውን ላለማየት ወደ ሰማይ ታያለች። ከታፔላው አጠገብ ሲደርሱ ማንም ወደዚያ አልዞረም። ከጤና ጣቢያው ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው ታየች መናገር አቆመች። ይመኙሻል ስሟን ጠራቻት፣ ጆሮዋን ቆነጠጠቻት፣ ተቆጣቻት፣ ለመነቻት። ጣቷን አንገቷ ላይ አድርጋ ትርታውን ፈለገች፤ አጣችው፤ እንደገና አገኘችው። ከቀሪው መንገድ ሁሉ በላይ የምታስታውሰው «በሕይወት አለች፣ አለች፣ አትቁሙ!» እያለች መጮኋን ነው።

የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ ሕሊና በሩን ዘግታ ከገባች በኋላ ጊዜው አልሄድ አለ። ይመኙሻል ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ እጇን ትመለከታለች። እስከ ክርኗ ድረስ የደረቀ ደም ነው። እጃችሁን ታጠቡ ስትል የኖረችው ሴት ለመታጠብ አልደፈረችም፤ ከታጠበችው ታየች የምትሞት መሰላት። ጸሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ሕሊና ወጣች፣ ጓንቷን አወለቀች።

«የእንግዴ ልጁን በእጄ አወጣሁት፣ ደሙ ቆሟል። ግሉኮስ አድርጌላታለሁ። ውሃ ስጡኝ አለች አሁን። ትተርፋለች።»

ይመኙሻል እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያለምዘውድ መሬት ሳሙ። ሕሊና ግን መዝገቧን ይዛ ቆመች፤ «የወለደችበት ቦታ ምን ልበል?» ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፤ ብዙ ጊዜ የጠየቀችው ጥያቄ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ቤቷ» አለች ይመኙሻል።

ሕሊና አየቻት፣ ከዚያ ጻፈች።

ተሸካሚዎቹ ወደ አጨዳቸው ተመልሰዋል። አንተነህ ብቻ ቀርቷል። ከግቢው ግንብ ሥር፣ ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ይመኙሻል ልታመሰግነው ወጣችና አጠገቡ ቆመች።

«ተረፈች?» አላት።

«ተረፈች። እግዜር ይስጥህ። ስትሮጥ ሳይህ የሸሸህ መስሎኝ ነበር።»

አንተነህ ራሱን ነቀነቀ። ሲናገር ወደ እሷ አላየም።

«የብርጓልን የገደላት ቁርጠት አልነበረም» አለ። «ሰባት ወሯ ነበር፣ ምጡ ሳይታሰብ መጣባት፣ ወለደች። ልጁ ጥቂት ተነፈሰና ተወው። ከዚያ ደሙ። ይኸ ጥሩምባ ከራስጌዋ ተሰቅሎ ነበር። ሁለት ጊዜ ላወርደው ተነሣሁ። ብነፋው ቤቷ ወለደች ይባላል አልሁ፤ ታፔላው ይወርዳል፣ አንችም ስንት የለፋሽበት ነው፣ ፊትሽን እንዴት አያለሁ አልሁ። ቆይ ይቆምላት ይሆናል አልሁ። ላገር ሁሉ ስነፋ ኖሬ ለሚስቴ ሳልነፋላት ቀረሁ። ልጁን ከጎኗ አድርጌ ገነዝኳት፤ ማንም አላወቀ። አንችም አላወቅሽም፣ ምን ታደርጊ።»

ይመኙሻል ግንቡን ተደግፋ አጠገቡ ዝቅ አለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እሱ ራሱ ነፃ አውጥቷታል። በእጇ ላይ ያለውን ደም አየች፣ ጥሩምባውን አየች፤ ከታየች ቃሬዛ ጎን ስትሮጥ ያልነበረ ሌላ ፍርሃት፣ ከዚህ በኋላ አብሯት የሚኖር ፍርሃት፣ ቀስ ብሎ ሲገባባት ተሰማት።

«አንተነህ» አለችው። «ያን ቀን በጓሮህ አልፌ ነበር። ገና ረፋድ ነበር፣ የብርጓልም ገና አልሞተችም ነበር። ቁርበቱን አጥሩ ላይ አይቸዋለሁ።»